ወፍራም ጃኬት ለብሶ ለምን በረደው?

ባለፈው ዓመት ኅዳር መጀመሪያ ላይ ለታናሽ ወንድሜ ጃኬት ገዛሁለት። መምህር ነው። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ ነው ያለው። የትራንስፖርቱ ሒሳብ ደመወዙን በየቀኑ እየሸራረፈ ሲያስቸግረው ያገለገለ ሳይክል ገዛና በእሱ መመላለስ ጀመረ። ገንዘቡን አዳነ፣ ሰውነቱም ተስተካከለ። የቀረው ችግር የጠዋቱ ብርድ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አፍንጫ በሚቆርጥ ቁር፣ በአንዲት ስስ ሹራብ ሲወጣ ማየት አላስቻለኝም።

ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ቀን አንድ ሱቅ ገብቼ መረጥኩለት። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ እንደ ትራስ የተነፋ ነው። ደረቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ቴርማል» የሚል ጽሑፍ አለበት። 4,500 ብር ከፈልኩ። ዋጋው ቢሰማኝም «ለጤናው ነው» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ አልጋ ላይ ዋለ። ሐኪሙ ጉንፋን ነው፣ ዕረፍት አድርግ አለው። እማዬ ግን በሐኪሙ ቃል አልረካችም። ጃኬቱን ከተሰቀለበት አውርዳ በሁለት እጇ እየጨመቀች «ይኼን የሚያህል ነገር ለብሶ ብርዱ በየት በኩል ገባበት?» አለችኝ፣ እኔ እንደሰፋሁት ሁሉ።

መልሱን የሰጣት ወንድሜ ነው። «ጃኬቱ ሳያሞቀኝ ቀርቶ መሰለሽ? ከመጠን በላይ ነው የሚያሞቀኝ። ችግሩ እሱ ነው።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመረዳት ጥቂት ቀናት ፈጀብኝ። የገባኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ወቅት ለልጅ፣ ለባል፣ ለወንድም ጃኬት የምንገዛ ብዙዎች ነን፤ ብዙዎቻችንም የምንሳሳተው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

የኛ ብርድ የራሱ ጠባይ አለው

የውጭ አገር የብርድ ልብስ የሚሠራው ለበረዶ አገር ነው። እኛ ጋ ክረምት ማለት ዝናብ ነው። እውነተኛው የጠዋት ቁር የሚመጣው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የበጋ ወራት ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ትለቀዋለች። ደመና የለምና የሚመልሰው የለም። ለዚህ ነው ፀሐይዋ ከመውጣቷ በፊትና ገና እንደወጣች ብርዱ የሚብሰው፤ ለዚህ ነው በሆለታ ሜዳና በጀልዱ የድንች ማሳ ላይ ውርጭ የሚያድረው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ያው ሰው ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ያንጠለጥላል።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። አምቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የወንጪ ሐይቅን የከበበው የተራራ ጠርዝ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በአማካይ 100 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከአምቦ ተነስቶ ወንጪ ጠርዝ የደረሰ ሰው በአንድ ጠዋት ከ6 ዲግሪ የማያንስ ልዩነት ያልፋል። ልብሱ ለታችኛውም ለላይኛውም አየር መሆን አለበት ማለት ነው።

በአገራችን ብስክሌት እንደ ልብ የሚነዳባቸው ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ናቸው፤ ከፍታቸውም 1,800 ሜትርና ከዚያ በታች ነው። እዚያ ያለ ሳይክል ነጂ ስለ ጃኬት ብዙ አይጨነቅም። እኛ የምዕራብ ሸዋ ሰዎች ግን ዳገትም፣ ቁልቁለትም፣ ቁርም አለብን። የእነሱን ልማድ ቀድተን አንችለውም።

ጃኬት ሙቀት አይሠራም

እዚህ ላይ ነው የኔ ስህተት የተጀመረው። ጃኬት ምድጃ ይመስለኝ ነበር፤ ወፍራም ከሆነ ብዙ ያሞቃል ብዬ። ጃኬት ግን በራሱ ምንም ሙቀት የለውም። የሚያሞቀው የራሳችን ሰውነት ነው። ጃኬቱ የሚሠራው በጭረቱና በላባው መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ይዞ ያንን ሙቀት ማቆየት ብቻ ነው።

አሁን ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንደኛው በወንጪ ጠርዝ ላይ በፈረስ የሚሄድ ሰው ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ኮርቻው ላይ ተደላድሎ ይጓዛል። የሚደክመውም የሚያልበውም ፈረሱ ነው። ሁለተኛው ወንድሜ ነው። እሱ ፈረሰኛውም ፈረሱም ራሱ ነው። ዳገቱን ሲወጣ ሰውነቱ እንደ ፈረሱ ይግላል፣ ያልበዋልም። እኔ ደግሞ ለፈረሱ የፈረሰኛውን ልብስ ገዛሁለት።

የሆነውም ይኸው ነው። ከቤት ሲወጣ ደልቶት ይወጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዳገቱ ላይ ጃኬቱ ውስጥ ይቀቀላል፤ ካናቴራውና ሸሚዙ በላብ ይርሳሉ። ጃኬቱ ላቡን የሚያወጣበት ቀዳዳ የለውም። ትምህርት ቤት ደርሶ ሲያወልቀው እርጥብ ሸሚዝ ለብሶ ሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ይቆማል። እርጥብ ልብስ ሲደርቅ የሰውነትን ሙቀት ይዞ ነው የሚሄደው። ብርድ ብቻውን ጉንፋን አይፈጥርም፤ ጉንፋን የሚመጣው ከጀርም ነው። በእርጥብ ልብስ ሲንቀጠቀጥ ያረፈደ ሰውነት ግን እንዴት እንደሚዝል ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ደግሞ ቁልቁለቱ አለ። በፔዳሉ ላይ ብዙ ኃይል ስለማያወጡ ሰውነት ሙቀት መሥራቱን ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ነፋሱ ይጨምራል። ብርድና ነፋስ ሲደመሩ ምን ያህል እንደሚሰማን የሚለካ፣ በአሜሪካና በካናዳ የአየር ትንበያ ሥራ ላይ የሚውል ቀመር አለ። በእሱ ስናሰላው 5 ዲግሪ በሆነ ጠዋት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚነፍስ ነፋስ የተጋለጠ ቆዳ የሚሰማው 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ነፋሱ 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሳይክል ነጂ ደግሞ ዛፍ ቅጠል ሳይነቃነቅ እንኳ ይህን ነፋስ በራሱ ፍጥነት ይፈጥረዋል።

ነገሩን ላሳጥረው። ለሳይክል ጃኬት ስትመርጡ ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ይወፍራል?» አይደለም። «ከፊት ነፋስ ያስቆማል ወይ? ከውስጥ ላብ ያስወጣል ወይ?» ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያሟላ ስስ ጃኬት የማያሟላውን ወፍራም ይበልጠዋል። ደስ የሚለው ደግሞ ዋጋውም ከወፍራሙ ያነሰ መሆኑ ነው።

ቃሉን ሳይሆን ጨርቁን አንብቡ

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። አንድ ዕቃ እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ሰው በእጁ መዝኖ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቃል አምኖ ነው የሚገዛው። «ቴርማል» የሚለው ቃል ደረት ላይ ስለተጻፈ ብቻ ማንም ለክቶት ነው ማለት አይደለም፤ እኔም ብሆን እጽፈው ነበር። ያውቃል የተባለው ሰው በገዛ ሙያው ተሸወደ።

እውነቱ የሚገኘው ደረቱ ላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ ጎኑ ላይ በተሰፋችው ትንሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ነው። እዚያ ላይ ከምን እንደተሠራ ይጻፋል። በገበያችን የምታገኟቸው በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

የወፍ ላባ የተሞላው ጃኬት ለክብደቱ ከሁሉም በላይ ሙቀት ይይዛል። ነገር ግን ላባ ከረጠበ ይጓጉላል፣ ሙቀት መያዙንም ያቆማል። በላብም ሆነ በዝናብ ለሚርስ ሳይክል ነጂ አይሆንም፤ ዋጋውም አይቀመስም።

ፖሊስተር የተሞላው የተነፋ ጃኬት፣ ማለትም እኔ የገዛሁት ዓይነት፣ ቢረጥብም ከላባው ይሻላል። ለቆመና ለተቀመጠ ሰው ጥሩ ነው። ዳገት ለሚወጣ ግን ይበዛል።

ፍሊስ የሚባለው፣ ሁለት በኩሉ ለስለስ ያለ ፀጉር ያለው ሹራብ መሰል ልብስ፣ ውኃ ብዙም አይጠጣም፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ላብም ያሳልፋል። አንድ ጉድለት አለው፤ ነፋስ በውስጡ ሰተት ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ብቻውን ሳይሆን ከስር ነው የሚለበሰው።

ሱፍ የአባቶቻችን ምርጫ ነው። የደጋው ሰው በርኖስ የሚደርበው፣ የመንዝ ሰው ባናውን በበግ ፀጉር የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ቀጭን የሱፍ ሹራብ ካገኛችሁ አትለፏት።

ጥጥ ለሌላው ሁሉ ይሁን እንጂ ለላብ አይሆንም። ጋቢ በእሳት ዳር፣ በለቅሶ ቤት፣ በሌሊት ጉዞ ወደር የለውም። ጥጥ ግን ላብ ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላም ቶሎ አይደርቅም። ከገላ ጋር የሚነካው የጥጥ ካናቴራ ነው ወንድሜን ያሳመመው ብል አላጋነንኩም።

በአንድ ጃኬት ፋንታ ሦስት ስስ ልብስ

ወንድሜ ከዳነ በኋላ ቅዳሜ ገበያ ይዤው ወጣሁ። የሰልባጅ ልብስ ከሚሸጡት ዘንድ ገባን። ያሰብነው አንድ ትልቅ ጃኬት ሳይሆን ሦስት ስስ ልብሶች ነው።

የመጀመሪያው ከገላ የሚነካ፣ ኳስ ተጫዋቾች የሚለብሱት ዓይነት የፖሊስተር ማሊያ፤ እጀ ሙሉ። 300 ብር። ሁለተኛው እስከ አንገት በዚፕ የሚዘጋ ስስ ፍሊስ፤ 550 ብር። ሦስተኛው ገበር የሌለው፣ ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ የነፋስ መከላከያ ጃኬት፤ 700 ብር። ድምሩ 1,550 ብር፤ ለመጀመሪያው ጃኬት ካወጣሁት ወደ ሦስት ሺህ ብር የሚጠጋ ያነሰ።

ጥቅሙ ዋጋው ብቻ አይደለም። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ከላይ ያለውን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል፤ ወይም ዚፑን እስከ ደረቱ ይከፍተዋል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ይለብሰዋል። «ከመጀመሩ በፊት» የምትለዋን ልብ በሉ። ካላበ በኋላ ማውለቅም፣ ከበረደው በኋላ መልበስም ዘግይቷል።

አንድ ልኬት ልስጣችሁ። ከቤት ስትወጡ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። በር ላይ ቆማችሁ ከደላችሁ አብዝታችኋል፤ ከ10 ደቂቃ ፔዳል በኋላ ያልባችኋል።

ሦስቱንም ለመግዛት ኪስ ካልፈቀደ አንዱን ግዙ፤ ነፋስ የማያሳልፍ እጅጌ የሌለው ሰደርያ። ነፋሱ በቅድሚያ የሚያገኘው ደረትን ነው። ደረት ከተከለለ ቀሪውን የቤት ሹራብ ይሸፍነዋል።

ሰደርያም ካልተገኘ ጋዜጣ አለ። አትሳቁ። በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተራራ ጫፍ ላይ የደረሱ ብስክሌተኞች ከተመልካች እጅ ጋዜጣ ተቀብለው ማሊያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ እየወሸቁ ቁልቁለቱን የሚወርዱበት ዘመን ነበር። በ2008 ዓ.ም. የኛው ጽጋቡ ግርማይ በዚያ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የሚለብሰው የባለሙያ ልብስ ነበር፤ የጋዜጣው ብልሃት ግን ዛሬም ይሠራል። ወረቀቱ ነፋሱን ያቆማል፣ ጥቂት ላብም ይመጣል። ፌስታል ግን አታድርጉ፤ ነፋሱን ቢያቆምም ላቡን ውስጥ ያፍነዋል።

ሱቅ ውስጥ የሚደረጉ ስድስት ፈተናዎች

እነዚህን ለመሞከር ገንዘብ አያስፈልግም። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ቻሉት።

አንደኛ፣ ጨርቁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ንፉበት። እስትንፋሳችሁ በሌላው በኩል መዳፋችሁ ላይ በኃይል ከተሰማችሁ የጠዋቱም ነፋስ እንዲሁ ያልፋል። ጨርሶ ካልተሰማችሁ ነፋሱን ያቆማል፤ እንግዲህ የላብ መውጫ ቀዳዳ ብብቱ ሥር ወይም ጀርባው ላይ መኖሩን ፈልጉ።

ሁለተኛ፣ ወደ ብርሃን ዘርጉት። የተነፋ ጃኬት ከሆነ ሙሌቱ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሌላው ባዶ ሆኖ ይታያል ወይ? ባዶው ቦታ ብርድ መግቢያ ነው።

ሦስተኛ፣ ልበሱትና እጀታ እንደያዛችሁ ሆናችሁ ጎንበስ በሉ። ወገባችሁ ከተገለጠ፣ እጅጌው ከአንጓችሁ ወደ ላይ ከሸሸ አይሆንም። ቆመን ስንለካው ልክ የሆነ ጃኬት ሳይክል ላይ ያጥራል። ለሳይክል ከኋላው ረዘም ያለ ነው የሚመረጠው።

አራተኛ፣ ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱት፣ ዝጉት። በአንድ እጅ፣ ሳታዩት። በጉዞ ላይ የምትሠሩት ይህንኑ ነው። የሰልባጅ ጃኬት የሚጣለው አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ ሳያልቅ በዚፑ ነው።

አምስተኛ፣ ውስጡን ገልብጡት። ውኃ የማያስገቡ ጃኬቶች ከውስጥ ስስ ሽፋን ይቀባሉ። በሰልባጅ ላይ ይህ ሽፋን አርጅቶ እንደ ፎረፎር የሚራገፍ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ስድስተኛ፣ ጠቅልሉት። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲወጣ የት ታደርጉታላችሁ? ቦርሳችሁ ውስጥ የማይገባ ጃኬት ወይ እጀታ ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይ ሙቀት እየገደላችሁ ትለብሱታላችሁ።

ልብስ ሰፊውን አትርሱ

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው፣ ከኔ የበለጠ የሳይክል ጃኬት ያውቃሉ። የወንድሜን የነፋስ መከላከያ ወሰድንላቸው። የእጅጌውን ጫፍ በላስቲክ አጠበቡት፤ የኋላውን ከሌላ ጨርቅ አንድ ስንዝር አረዘሙት፤ ብብቱ ሥር በየጎኑ ትንንሽ ቀዳዳ በስተው በክር ዘመዘሙት። ጀርባውና ክንዱ ላይ የትራፊክ ሰደርያ ላይ ያለው ዓይነት አንጸባራቂ ሪባን ሰፉበት። 200 ብር ጠየቁን፤ ቡናም ጋበዙን።

አንጸባራቂው ጌጥ አይደለም። ስለ ብርድ ስናወራ የምንረሳው ትልቁ አደጋ እሱ ነው። ያ ያማረው ጃኬቴ ጥቁር ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ጭጋግ ባለበት መንገድ፣ ጥቁር የለበሰ ሳይክል ነጂ ከኋላው ለሚመጣ አይሱዙ ሹፌር የለም ማለት ነው። ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ፣ ከተገኘ እሱን ምረጡ። ካልተገኘ ሪባኑን አሰፉበት። በሁለት ጃኬት መካከል ብታመነቱ፣ ትንሽ ቢያንስም የሚታየውን ውሰዱ።

ለእናቶች ደግሞ አንድ ነገር። «እንዲያድግበት» ብለን ለልጅ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጃኬት እንገዛለን። እኔም እንደዚያ ነው ያደግኩት። ለእግረኛ ልጅ ችግር የለውም። ሳይክል ለሚነዳ ልጅ ግን ረጅም እጅጌ ፍሬን ላይ ጣቱን ያደናቅፈዋል፤ ሰፊ ጃኬት ደግሞ ነፋስ ገብቶበት እንደ ድንኳን ይነፋል፣ ሙቀቱንም ይዞት ይሄዳል። ማሳደጊያ የሚገዛ ከሆነ እጅጌውን አሳጥፋችሁ በክር አስይዙት፤ በሚቀጥለው ዓመት ትፈቱታላችሁ። ጋቢም ሆነ ነጠላ፣ ረጅም የአንገት ልብስም ቢሆን ጫፉ ተንጠልጥሎ ሳይክል ላይ አይወጣም። ጎማና ሰንሰለት ውስጥ ሲገባ ነጂውን ከነአንገቱ ይጎትተዋል። አስም ላለበት ልጅ ግን አጠር ያለ ሻርፕ አፉና አፍንጫው ላይ ማሠሩ ይጠቅመዋል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አስምን ይቀሰቅሳልና።

ጃኬት ደግሞ ጣትን አያሞቅም። የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም። የተረፈውን ገንዘብ ለጓንት አውሉት።

አጠባበቁ

ርካሽ ጃኬት ሁለት ዓመት ሊያገለግልም፣ በሁለት ወር ሊያልቅም ይችላል፤ ልዩነቱ ማጠቢያው ላይ ነው። በረኪና አይነካው። የፈላ ውኃ አይነካው። የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ ደስ የሚል ሽታ ቢኖረውም በጭረቱ ላይ ተለጥፎ ላብ የማስወጣቱን ሥራ ያበላሸዋል። አትጠምዝዙት፤ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስቀሉት። ዚፑን ዘግታችሁ እጠቡት፤ ክፍት ዚፕ ጨርቁን ይበላዋል። የሰልባጅ ልብስ ከሆነ ከመልበሳችሁ በፊት በሚገባ ይታጠብ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የረጠበ ፍሊስና የተነፋ ጃኬት ለማድረቅ ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስጠጉ። ፖሊስተር ፕላስቲክ ነው፤ ፍም ሲነካው ይቀልጣል፣ ገላ ላይም ይጣበቃል። በጥጥ ልብስ የለመደ እጃችን ይህን ቶሎ አያስታውስም።

አሁንም ኅዳር ነው

ወንድሜ ዘንድሮም በሳይክሉ እየተመላለሰ ነው። ቦርሳው ውስጥ ከደብተሮቹ ጋር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይይዛል፤ በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ ካናቴራ። ትምህርት ቤት እንደደረሰ እርጥቡን ያወልቃል፣ ፊቱንና ደረቱን ይጠራርጋል፣ ደረቁን ይለብሳል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ። ቤታችሁ ውስጥ ያለ ነው፤ ምንም አያስወጣችሁም።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። እማዬም አብራኝ ነበረች። «በዚህ ስስ ነገር?» አለችው እንደ ልማዷ። «ትንሽ ይብረደኝ እማዬ፣ ዳገቱ ጋ ስደርስ ይለቀኛል» ብሎ ፔዳሉን ረገጠ። ጭጋጉ ውስጥ ከገባ በኋላም ከኋላው በመጣ ባጃጅ መብራት ጀርባው ላይ ያለው ሪባን ብልጭ ሲል ይታየን ነበር።

እሷ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ለጠዋት ቅዳሴ ልትወጣ ነው። ከነጠላዋ ሥር ያ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ 4,500 ብር የወጣበት ጃኬት አለ። በቀስታ ተራምዳ ሄዳ፣ ቀዝቃዛው ግቢ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ትቆማለች፣ ትቀመጣለች። አያልባትም፣ ነፋስም አትፈጥርም። «እንዴት ነው?» አልኳት።

«እሱማ ይሞቃል» አለችኝ። «ለልጁ ነው እንጂ ያልሆነው።»